የመሐሉ ካሬ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንድ ካሬ ጨርቅ በእጅሽ ሰፍተሽ እንድትልኪልኝ ለመጠየቅ ነው። ጉዳዬን ከሰላምታው ያስቀደምሁት ናፍቆቴ አንሶ አይደለም፤ ወሬ ስደረድር ዋናው ነገር ከወረቀቱ ጥግ ተጣቦ እንዳይቀር ሰግቼ ነው። አሁን ልጠይቅሽ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ አበቀለች ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ፣ ያላየሁት አፏ በሐሳቤ እየመጣ ብቻዬን እስቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥራዬም አልጎደልሁም። ወንድማችንም እንደምታውቂው ነው፤ ይበላል፣ ይከራከራል።

አባባ ግን ደኅና አይደሉም። ዓይናቸው መድከሙን ሰምተሻል፤ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ይህ ከሕመማቸው ትንሹ ነው። ሰኔ ሃያ ቀን ሐኪም ቤት ገብተው ይተኛሉ። ሐኪሙ ወንድማችንንና እኔን አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ የነገረንን በወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ፊት ለፊት ብትጠይቂኝ ግን አንድ ቃል ሳልቀንስ እነግርሻለሁ።

የሚተኙበትን ክፍል ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ግን ገጥሞ አይዘጋም፣ የአልጋው ልብስም ስስ ነው። ስለዚህ ከልብስ ስፌት ሱቃቸው በጆንያ ከተረፈው ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ልሠራላቸው ቆረጥሁ። የቤታችንን ጥበት ታውቂዋለሽ፤ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛም ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ተሸጧል። ከቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ባገኘሁት የስፌት መጽሐፍ ያነበብሁት ዘዴ ግን ጠረጴዛ አይፈልግም። እያንዳንዱ ካሬ ለብቻው ተጀምሮ ለብቻው ያልቃል። ከላይ ፊቱ፣ በመካከል ጥጡ፣ ከሥር ገበሩ ተደርቦ፣ ጭን ላይ ተይዞ ይሰፋል። ሁሉም ካለቁ በኋላ ጎን ለጎን ይገጠሙና መጋጠሚያቸው በፊትም በጀርባም በጥብጣብ ይሸፈናል። ሰዎቹ በተለያየ ቤት፣ በተለያየ ከተማ ቢቀመጡ እንኳ ሥራው አይቆምም። ዘዴውን የመረጥሁት በዋናነት ለዚህ ነው።

አባባ ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ዕድሜ ልኬን ሰው ድሪቶ እንዳይለብስ ስሰፋ ኖሬ፣ በስተርጅና የገዛ ልጄ ድሪቶ ልታለብሰኝ?» አሉ። ድሪቶ የተቀደደ ልብስ ላይ የሚጣፍ ነው፤ ይህ ግን አንድም የተቀደደ ነገር የለበትም ብዬ ልዩነቱን አስረዳኋቸው። «አይ አንቺ! ይህን አፍሽን ሱቅ ውስጥ አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ፣ ጠበበኝ ብሎ የሚመለስ ደንበኛ ባልነበረኝ» አሉና የራሳቸውን ካሬ በዳሰሳ ሰፍተው ጨረሱ። ስፌታቸው ትንሽ ይዋልላል። አላረምሁትም።

ያስቸገረኝ ወንድማችን ነው። መጀመሪያ በልኩ ቆርጦ ኋላ ሰፋው። ጥጥ የገባበት ጨርቅ ሲሰፋ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ የእርሱም ካሬ በየጎኑ አንድ ጣት አንሶ ከጎረቤቶቹ ጋር አልደርስ አለ። «ጎተት አድርጊው፣ ይደርሳል» አለኝ። ጨርቅ እንደ አንተ ክርክር አይለጠጥም ብዬ መለስሁለት፤ እያጉረመረመም ቢሆን ፈትቶ እንደገና ሠራው። አንቺም ይህን አደራ አትርሺ፦ አስፍተሽ ቁረጪ፤ ልኩን የምታወጪው ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው።

የመሐሉ ካሬ ያንቺ ነው። ሌላው ሁሉ ተገጥሟል፤ እርሱ ብቻ ክፍት ነው። ወንድማችን ትናንት፣ «ለምን ራስሽ አትሰፊውም? አባባ እንደሆኑ አያዩም፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። በሌላ ሰው ስም መፈረም ነው፣ ጨርቅ ላይ መሆኑም ማታለልነቱን አይቀንሰውም አልሁት። «እና ባትልክስ? መሐሉ የተበሳ ብርድ ልብስ አልብሰሽ ሐኪም ቤት ልትወስጃቸው ነው? አንቺኮ ስትፈጠሪ ሜትር አንገትሽ ላይ ነበር!» አለ። አዎን፣ ባትልክ ክፍቱን ጠርዙን ዘምዝሜ እንዳለ አለብሳቸዋለሁ አልሁት። ይህን ላስፈራራሽ አልጻፍሁትም፤ የወሰንሁትን እንድታውቂ ነው።

ከአባባ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆናችሁ ወዲህ ስምሽ በዚህ ቤት በእርሳቸው አንደበት አልተጠራም። ማን ማንን በደለ በሚለው ለዳኝነት አልቀመጥም። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ የተገጠመውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መጋጠሚያውን በጣታቸው ይከተሉ ነበር። መሐሉ ላይ ሲደርሱ እጃቸው በክፍቱ አልፎ የገዛ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ሳያነሡት ቆዩና፣ «ይቺስ?» አሉኝ። የእታለም ናት አልኋቸው። «ክር አልቋል፤ ሂጂና ነጭ ክር ግዢ» አሉኝ።

ነጭ ክር በስፌት ሣጥኑ ውስጥ ሞልቷል። ቢሆንም ሄድሁ። ለመመለስም አልቸኮልሁም።

ስመለስ ትልቁ መቀሳቸው የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። አጠገቡ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠቅልዬ የላክሁልሽ ጨርቅ ተቆርጦ ተቀምጧል። ስትፈቺው ታውቂዋለሽ። ለሠርግሽ ቀሚስ ብለው የገዙት፣ ኋላ በተጣላችሁ ጊዜ «መቀስ አላሳርፍበትም» ብለው የቆለፉበት ነው። አባባ ወንበራቸው ላይ የተኙ መስለው ነበር። እኔም ሳልቀሰቅሳቸው ሜትሬን አነሣሁ። ስለካው በአራቱም ጎን ከልኩ ሁለት ሁለት ጣት አትርፈውለታል።

ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ልጅሽን በጤና ያሳድግልሽ፤ ባለቤትሽንም ከክፉ ይጠብቅልሽ። ይህን ስመርቅ ከልቤ ነው፤ ለወጉ ያህል አይደለም።

ከላይ እንድትልኪልኝ ብዬ ጽፌ ነበር። መስመሩን አልሰርዘውም፤ ሐሳቤ ግን ተቀይሯል። ካሬውን አትላኪው፣ ይዘሽው ነዪ። ሦስቱን ጎን እኔ እገጥመዋለሁ፤ አራተኛውን ጎን አባባ ጉልበታቸው ላይ እንደያዙት አንቺ ትሰፊዋለሽ። ትንሿንም አምጫት። ሰኔ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ ድረሺ።

ታናሽ እህትሽ