ሣርዎ ስለሸፈነው ነጭ ሽንኩርት

ኦስሎ፣ ግንቦት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ይልቃል
በሆልምሊያ የቤቶች ማኅበራችን የግቢ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ጥቅል ሣር ሲሸከሙ የተቀጨው ወገብዎ ተሽሎት እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ነውና፣ በቅድሚያ ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤናን፣ ለሣርዎም ልምላሜን እመኛለሁ። እኔ፣ በቁጥር 14 የምኖረውና ብሪን አካባቢ ቢሮ የማጸዳው ኃይለመስቀል፣ ደኅና ነኝ ብልዎ ውሸት ስለሚሆን አልፈዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት የኮሚቴዎ ፈረንጆች እንዲያነቡት ሳይሆን እርስዎ አልገባኝም እንዳይሉ ነው፤ ቅጂውንም የአገራችን ሰው ሁሉ እንዲያየው በማኅበረሰባችን አዳራሽ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ወለተማርያም ባለፈው ጥቅምት፣ ሐኪሞቹ የበረዶውን መቅለጥ እንደማታይ ከነገሯት በኋላ፣ ከመስኮታችን ሥር ባለችው ወርዷ ሁለት ክንድ፣ ቁመቷ አራት ክንድ በሆነች መደብ ላይ አርባ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተከለች። ነጭ ሽንኩርት በዚህ አገር በረዶ ሥር ከርሞ በጸደይ እንደሚበቅል የነገሯት ትሠራበት በነበረው የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ብርድ እንዳይመታው የዛፍ ቅጠል ሰብስባ አለበሰችው። «በረዶው ሲለቅ ቅጠሉን ግለጥላቸው፤ እኔ ባልኖርም እነሱ ይወጣሉ» አለችኝ። በየካቲት ሞተች። ከእሷ የተረከብኩት ሥራ ይህ ብቻ ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ስለ ንጽሕና ወዳድነትዎ አመሰግናለሁ። በኅዳር ወር፣ በቁጥር 14 ፊት ያልተጠረገ ቅጠል አለ የሚለውን ማስጠንቀቂያ በፖስታ ሣጥናችን ሲያስገቡ፣ ወለተማርያም በመስኮት ታይዎት ነበር። በሩን አንኳኩተው ቢጠይቋት ስለ ቅጠሉ በደስታ ታስረዳዎ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ብዙ መናገር አላቃታትም። አሥር እርምጃ ለሚርቅ ጎረቤት ደብዳቤ መጻፍ ግን የሠለጠነ ሰው አሠራር ነው፤ ይኸው እኔም እየለመድኩት ነው።

2ኛ. ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ወለተማርያም በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ሁለት ኖርዌጂያን ጎረቤቶች አስከትለው፣ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። እኔ አላዋቂው፣ የአገሬ ሰው በሐዘን ቤት ጥቁር ለብሶና ወረቀት ይዞ ከመጣ የእድር ዳኛ ነው ብዬ ያደግሁ ስለሆንኩ፣ በሆልምሊያም እድር ተቋቁሞ፣ እርስዎ ዳኛ ሆነው፣ ፈረንጆቹንም በአባልነት መዝግበው የመጡ መሰለኝ። ሰው አለን ብዬ ተነስቼ ትከሻዎን ሳምኩ፤ ትከሻዎ ላይም አለቀስኩ። ንፍሮ ሲቀርብልዎ ዘገኑ፤ ለፈረንጆቹም እንዴት እንደሚበላ አሳዩልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበትዎ ላይ ዘርግተው የምፈርምበትን ቦታ በጣትዎ ጠቆሙኝ። ባደግሁበት ሰፈር ሐዘንተኛ የእድር ወረቀት አንብቦ አይፈርምም፤ ማንበብ ሊያስተዛዝንህ የመጣውን ሰው መጠርጠር ነው። ስለዚህ ፈረምኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ እያልኩም እስከ በሩ ሸኘሁዎ።

የፈረምኩት መደቧ ተደልድላ ሣር እንዲነጠፍባት መስማማቴን እንደሆነ ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፈረንጆቹን አልቀየምኳቸውም፤ ወረቀት ወረቀት ነው ብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው። እርስዎ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነዎት። ለምን እንደፈረምኩ ከሦስታችሁ መካከል የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነበሩ።

3ኛ. ስለ ቀን አመራረጥዎ አመሰግናለሁ። የጸደዩ ዱግናድ፣ ማለትም ነዋሪው በነጻ ወጥቶ ግቢውን የሚያጸዳበት የኖርዌጂያን ደቦ፣ ከቅዳሜዎች ሁሉ ተመርጦ በቀዳም ሥዑር ዋለ። ዓርብ ስሰግድ ውዬ፣ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ቄጠማ በግንባሬ አስሬ፣ ባዶ ሆዴን ከባቡር ወርጄ ስመጣ፣ በረዶው እንዳያንሸራትት የተበተነው ጠጠር ተጠርጎ፣ ደረቁ ሣር በመቧጠጫ ተፍቆ፣ ኖራው ተነስንሶ አገኘሁት። እርስዎም በአክፍሎት ቀን ቋሊማ ያገላብጡ ነበር፤ ይህ በእርስዎና በፈጣሪዎ መካከል ስለሆነ አላነሳውም።

መደቧ ግን የለችም። ቅጠሉን እኔው በእጄ ከገለጥኩለት ገና ሳምንት አልሞላውም፤ ቡቃያው ስንዝር አልፎ ነበር። ተቆርጦ፣ ተደልድሎ፣ በከባድ ብረት ተዳምጦ አዲስ ሣር ተነጥፎበታል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ኦስላውግ፣ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ይህ የሟቿ ተክል አይደለም ወይ ብለው ደጋግመው እንደጠየቁዎ፣ እርስዎም «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ ማለትዎ ነው፣ «ፈርሟል» ብለው አካፋዎን እንዳነሱ ነገሩኝ። አካፋው ሲያርፍበት የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ግቢውን ሞላው አሉ። ኦስሎ የተወለዱት አሮጊት ሽታውን ለይተውታል፤ በድልህና በአዋዜ ያደጉት ሰብሳቢ አልለዩትም። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በበኩሌ አላልኩም። ሰው ሁሉ ቋሊማውን ይዞ እያየኝ፣ ራሴ ላይ ቄጠማ አስሬ፣ ሣርዎ ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ዱግናድ አምልጦት ተጸጸተ ብለው ያዘኑልኝም ነበሩ።

4ኛ. ስለማይደክመው ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ሣር በስተው ጥቂት ቀጫጭን ቡቃያዎች ወጡ። ጎንበስ ብዬ አንዷን ቆንጥሬ አሸተትኩ፤ እሷው ናት። ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም። በማግሥቱ ደግሞ የእርስዎ ማስታወቂያ ደረሰኝ፦ በቁጥር 14 ፊት አረም ስለታየ፣ ቅዳሜም የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ፣ ግቢው አምሮ እንዲታይ የፊታችን ሐሙስ የአረም መድኃኒት ይረጫል።

እንግዲህ ምስጋናዬን ጨርሻለሁ፤ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ያችን መደብ ይተዉልኝ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሣር እጠላለሁም አላልኩም፤ ከፈለጉ የሁሉንም ደጃፍ ሣር በጋውን ሙሉ እኔ አጭዳለሁ፣ በመከር የሚረግፈውንም ቅጠል ብቻዬን እጠርጋለሁ። የእሷን ግን አይርጩብኝ። አደራዋን መወጣት ካቃተኝ ሌላ የምሠራላት ነገር የለኝም፤ መቃብሯን እንኳ የሚንከባከበው ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

የኮሚቴዎ ሥልጣን እንዲጸና፣ የአካፋዎ ስለት እንዳይዶለዱም፣ ከብሔራዊው በዓል ሰልፍ የሚመለስ መንገደኛ ሁሉ ግቢያችንን አይቶ እንዲያደንቅልዎ እየተመኘሁ፣ ሳያነብ በመፈረሙ የሚያፍረው፣ እርስዎን በማክበሩ ግን እስካሁን ያልቦዘነው ጎረቤትዎ፣

ኃይለመስቀል፣ ቁጥር 14

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ስጨርስ ሐሙስን መጠበቅ አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ሣሩን በእጄ አነሳሁት፤ ከአርባው በሕይወት ያገኘሁት ሰባት ነው። ሣሩን እንደመጣው ጠቅልዬ፣ ውኃም አርከፍክፌ፣ ደጃፍዎ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አልከፈቱልኝም። ጥቅል ሣር ቶሎ መሬት ካላገኘ ይሞታል ይላሉ። ያን ቀን ቤቴ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ንፍሮ ሲበሉ፣ ለሐዘንተኛ የሚባለውን አንዲት ቃል እንኳ ሳይሉኝ ወጥተዋል። እኔ ግን የሰው ሐዘን ላይ ዝም ማለት አላውቅበትምና፣ ሣርዎ ከሞተብዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት።