ከአርባው በፊት የሚያልቀው ወር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአንተነህ ገብረ ሚካኤል፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት ላይ ያስቸገረህ ወገብህስ ተሻለህ? የሐዋሳን ሙቀት ለመድከው ወይስ አሁንም ያማርርሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ አድማሴ ደህና ነው፣ ልጆቻችንም ደህና ናቸው። አባባም ከጉልበታቸው በቀር ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። አባትህ ሊያሳብዱኝ ነው!

ስልክህን ወር ሙሉ ብሞክር ዝግ ነው ይለኛል። ሰበርከው ወይስ ሸጥከው? ይህን ወረቀት ነገ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለመሪጌታ ልጅ ለዘመንፈስቅዱስ እሰጠዋለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ረቡዕ እጅህ ይገባል። አንብበህ ሳትጨርስ ወደ ሥራ እንዳትሄድ።

ነገሩ የወንዝ ዳሩ ማሳ ነው። ጎረቤታችን ቢያድግልኝ ድንበር ገፍቶ ግማሽ ጥማዱን እንዳረሰው፣ አባባም እንደከሰሱት ታውቃለህ። ቀጠሮው ጥቅምት አምስት ነበር። ምስክሮቹን እኔው ዞሬ ለምኜ፣ የአባባን ጋቢ አጥቤ፣ የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ሁሉን አሰናድቼ ነበር። ታዲያ በዋዜማው የቢያድግልኝ እናት እማሆይ ወለተ ኪዳን ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሴት ነበሩ። በማግሥቱ ጠዋት እኔ ቀድሜ ሄጄ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንቆራጠጥ አባትህ የት እንደነበሩ ልንገርህ? የተከሳሻቸውን እናት ቃሬዛ ተሸክመው ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ በዚያ ጉልበታቸው!

ቢያድግልኝ ሐዘን ላይ ነው፣ እሱ ካልመጣ ደግሞ ዳኛው ሌላ ቀን ይቀጥራል ብለው ነው የቀሩት። እውነትም ቢያድግልኝ አልመጣም። ጠበቃው ግን መጣ። ክሱን እንክዳለን አለ። እኔ ልጃቸው ነኝ ብዬ ብነሳም ውክልና የለሽም ተባልኩ። ከሳሽ አልቀረበም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ፣ መዝገቡም ተዘጋ። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማመልከቻ የሚጽፈው አካለ ወልድ ነው አይዞሽ ያለኝ። በዚሁ ጉዳይ እንደገና አዲስ ክስ መክፈት አይቻልም፣ ያለው አንድ መንገድ ነው አለኝ። አባባ በአንድ ወር ውስጥ የቀሩበትን በቂ ምክንያት በቃለ መሐላ አቅርበው መዝገቡ ይከፈትልኝ ማለት አለባቸው። ቀኑ ካለፈ ግን ማንም አይሰማቸውም። ቀብር ላይ መዋል ደግሞ እንደ ምክንያት መልካም ነው፣ አገር ሁሉ ይመሰክራል አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

አባባ ሰምተው ሰምተው፣ የእናቱ አርባ ሳይወጣ ሐዘንተኛ አልከስም አሉ። አርባው የሚወጣው ኅዳር አሥራ አራት ነው። ወሩ የሚያልቀው ኅዳር አምስት ነው። በጣቴ እየቆጠርኩ አሳየኋቸው። ዳኛውም ክርስቲያን ነው፣ አርባ ምን እንደሆነ አያጣውም አሉኝ። ሕግ ተዝካር አይጠብቅም፣ አባባ! አልኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

ይሄ ሳያንስ ያለፈው ሳምንት ሐዘንተኛውን እናግዝ ተብሎ ደቦ ተጠራ። አባትህ ማጭዳቸውን ስለው ወጡ። ምን እንዳጨዱ ገምት። ከዚያው ከወንዝ ዳሩ ማሳ ላይ ያለውን ገብስ! የራሳቸውን መሬት ገብስ ለነጠቃቸው ሰው አጭደው፣ ከምረው፣ ጠላውን ጠጥተው እየሳቁ መጡ። አንጀቴ እርር አለ። ሁለት ቀን አላነጋገርኳቸውም።

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ መደቡ ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አካለ ወልድ የጻፈልኝ ወረቀት በእጄ ነበር፣ የጣት ቀለሙንም ከእሱ ተውሼ መጥቻለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አውራ ጣታቸውን ያዝኩ። ማጭዱ ቆርጧቸው ኖሮ በጨርቅ ጠቅልለውታል። ጨርቁን ስፈታ ዓይናቸውን ገለጡ። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም። ወለተ ኪዳንን የቀበርኳት ለዳኛ ምክንያት እንድትሆነኝ አይደለም አሉኝ። ለካ ከአርባው ይልቅ የከበዳቸው ይሄ ነው። ከዚያ፣ ማሳው አንተነህ ቤት የሚሠራበት ነው፣ ለእሱ ጻፊለት፣ እሱ ፈርም ካለኝ እፈርማለሁ አሉ።

ስለዚህ ጣጣው ወዳንተ መጥቷል። ከሰውም ስልክ ለምነህ ቢሆን እስከ ሐሙስ ማታ ደውልላቸው። ዓርብ ኅዳር አምስት ነው፣ ጠዋት በጀርባዬም አዝዬ ቢሆን አደርሳቸዋለሁ። እኔን ከጠየቅኸኝ ይፈርሙ ባይ ነኝ። አይፈርሙ የምትልም ከሆነ ደውልና በል። ዝም ብለህ ቀኑ እንዲያልፍ ግን አታድርግ። መሬቱን ከተውነው ተውነው እንበል እንጂ ቀኑ አለፈብን እያልን ስንዋሽ አንኑር።

አድማሴ ሰላም ብሎሃል፣ ስልክ ግዛ ይልሃል። ልጄ ማርያማዊት ማደጌን እይልኝ ብላ ቁመቷን በክር ለክታ እዚህ ውስጥ ጨምራለች። አባባ ጉንጭህን ይስሙሃል፣ እንዳይበርድህ ብለዋል፣ ሐዋሳ እንደማይበርድ ስንቴ እንደነገርኳቸው! ቢያድግልኝም ትናንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቶኝ፣ አንተነህን ሰላም በይልኝ፣ እናቴ እንደሞተችብኝም ንገሪልኝ ብሎኛል። ነግሬሃለሁ።

እኅትህ ሥራነሽ ገብረ ሚካኤል
ይጁቤ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.