የጩኸት ሰዓት

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ድምፅ እንዳያስተጋባ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ስጮህ አረፈድኩ። ሥራዬ ነው እንግዲህ… ከውጭ የመጣው የሰይፍ ድራማ ላይ የዋናዋ ሴት የአማርኛ ድምፅ እኔ ነኝ። ጣራ ለጣራ የምትበረው። ከጌታዋ አምልጣ "የማንም አይደለሁም!" የምትለው።

በሩ ተንኳኳ። የብሎካችን ኮሚቴ ጋሽ ሀብተሥላሴ ከነከዘራቸው፣ ከኋላቸው ግማሽ ኮንዶሚኒየም።

"ልጄ፣ ማነው የሚደበድብሽ?"

"ማንም! ፊልም ነው፣ ጋሼ።"

በሳቅ ሞትን። ዳግም እንዳይደነግጡ ደረጃው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ ተናኘወርቅ ፊልም እየቀዳች ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ማንም አላንኳኳም። ተመስገን።

ከእኔ በላይ ያለው ቤት የምትኖረው የቤዛ ባል፣ በሱፍቃድ፣ ደረጃ ላይ አገኘኝ። "ሰዓቱ አይቀየርም አይደል?" አይቀየርም አልኩት። ለምን ጠየቀኝ? የሌሊት ሺፍት ስላለው እንቅልፉን አስቦ ይሆናል። ጨዋ ሰው ነው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። ይመጣ እንደሆነ ብዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከላይ አንድ ነገር ወደቀ። ከዚያ ጩኸት። ቤዛ ናት።

"ኧረ የሰው ያለህ!"

ግቢ ልብስ የምታጥብ ሴት ስትስቅ ሰማሁ። "ዛሬስ ተናኝ ብሶባታል!"

ውጪና ንገሪያቸው አልኩ ለራሴ… እግሬ እንቢ አለ። ቢመታኝስ? ተሳስቼ ቢሆንስ? ጸጥ እስኪል የሹራብ እጅጌ ነክሼ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ። ከዚያም በላይ።

ፈሪ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ቤዛን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ግማሽ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ጥርሴን አሞኝ።" ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የሚመታኝ ባንቺ ሰዓት ነው" አለችና አለፈች።

ሰዓቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ጽፌ። ማክሰኞ ዕለት እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስጮህ… ያኔም?

ከሰዓት መብራት መጣ። ሰይፈኛዋ እህቷን ጥላ በመሸሿ የምትጸጸትበትን፣ ትናንት ያልቀዳሁትን፣ ቀድቼ ላክሁ። ዳይሬክተሩ ደወለ። "ተናኝ፣ እንደ ዛሬ አልቅሰሽ አታውቂም!" ስልኩን ዘጋሁበት።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ወረቀቱን አልቀደድኩም። ብቀድደው ማወቄ ይገባዋል፣ ሌላ ሰዓት ይፈልጋል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግቢ ወርጄ ለጋሽ ሀብተሥላሴ ነገርኳቸው።

"በሱፍቃድ? ኧረ ተይ ልጄ! ያ ጨዋ…"

ሳይጨርሱ ቤዛ ከላይ ጮኸች። ግቢው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አፌ ዝግ ነው። ልብስ የምታጥበው ሴት ሳሙናውን ጣለች።

ሁላችንም ወደ ላይ ወጣን። በሩን የከፈተልን ራሱ ነው፣ ሸሚዙን እያስተካከለ። ሁሉንም ትቶ እኔን ብቻ ነው ያየው።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ቤዛ ከማክሰኞ ጀምሮ እኔ ቤት ናት። ትናንት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ መጡ። "አልመለስም። ሠርቼ ራሴን አስተዳድራለሁ" አለቻቸው። ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰች። ልሸኝሽ ብላት እንቢ አለች።

በሱፍቃድ አሁንም ከላይ ቤቱ ነው። እርምጃው ይሰማኛል… ወደ በሩ… ተመለሰ። በጠራራ ፀሐይ በሩን ቆልፌ ተቀምጫለሁ።

ጎረቤቱ "ተናኝ ባትኖር!" ይለኛል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ምሳ ላይ ቤዛ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ያን ሐሙስ መብራት አልነበረም። ቤት ነበርሽ፣ አይደል?"

ዋሺ ዋሺ አለኝ።

"ነበርኩ።"

ምግቡን ትታ እጇን ልትታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባች። ይኸው ይህን ስጽፍ ውሃው አሁንም ይወርዳል፣ እሷም አልወጣችም።