ያ ዘፈን አልነበረም

ሚኒያፖሊስ፣ ማርች 2007

ውድ ልጄ አይዳ፣

ይህን በእንግሊዝኛ አልጽፍልሽም። ስልክም አልደውልልሽም፤ ስልክ ላይ «ኦኬ ማም፣ ቻው» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ለእንዲህ ያለ ቀን ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አባትሽ ኦሮምኛውን፣ እኔ ትግርኛዬን ይዘን መጥተን አማርኛ ላይ የተገናኘን ሰዎች ነን፤ አንቺንም ያሳደግንሽ በእሱ ነው። ያልገባሽ ቃል ካለ ሰው ጠይቂ እንጂ አትዝለይው። እዚህ ያደረሰን መዝለልሽ ነው።

ተቆጥቻለሁ። ከመጀመሪያው እንድታውቂው ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባትሽ ከሥራ ሲመለስ የጫማውን በረዶ እንኳ ሳያራግፍ ወጥ ቤት ገባ። ለኮሌጅሽ ጋዜጣ የጻፍሽውን ይዟል።

«ደሃብ! ነይ እዪ፣ ልጅሽ ፐብሊሽ ሆነች! ኤደን ፕሬሪ መጋዘኑ ውስጥ ፕሪንት አድርጌ ያላሳየሁት ሰው የለም። ሱፐርቫይዘሬ ራሱ ‹ለሜሳ፣ ለሚቀጥለው ቫኬሽን እዚያ ነው የምሄደው› አለኝ።»

ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፈው። «ሮካልታን ለመጎብኘት ሰባት ምክንያቶች» ይላል። ስሙን ሳነብ ሌላ ሮካልታ ይሆናል አልኩ። ከሥሩ ያለውን ፎቶ ሳይ ግን የያዝኩትን ሽንኩርት አስቀመጥኩ። ኮረብታው፣ ግንቡ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለው የደወል ቤት። እዚያ ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አይዳ።

ከመሄድሽ በፊት «ጣልያን አገር የት ነው የምትማሪው?» ብዬሽ ነበር። «ኒር ሮም» አልሽኝ። ከሮም አጠገብ የት ስልሽ፣ ሻንጣሽን እየቆለፍሽ «ማም፣ ኢትስ ኤ ስሞል ታውን፤ ዩ ዎንት ኖው ኢት» አልሽኝ። አታውቂውም አልሽኝ። እኔን!

አልነገርሽኝም እንዳትዪ። አሥር ጊዜ ነግሬሻለሁ። «ጣራ ሳለሁ» ስልሽ ነው ያደግሽው። ያን ጊዜ በየጣልያኑ ቤት የምንሠራ የአስመራ ልጆች ሐሙስ ከሰዓት ሮም ባቡር ጣቢያው ፊት እንገናኝ ነበር። ሌሎቹ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ እኔ ብቻ ከዚያ ገደል አናት ላይ ነበርኩ። «ይቺ ደግሞ ጣራ ላይ ወጥታ ቀረች» አለች ኣስማ፤ ከዚያ ወዲያ ሮካልታን በስሙ የጠራው የለም። ሦስተኛ ክፍል ሆነሽ የእናትሽን ታሪክ ሳዪ ስትባዪ መዶሻ ይዤ ጣራ ላይ ቆሜ ሳልሽኝ። አስተማሪሽ አባትሽን ጠርታ የጋራዧን ጣራ ስንት እንደማድስላት ጠየቀችው። ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን በዚያው ቀን «ጣራ ከተማ ነው» ብዬ አስረዳሁሽ፤ «ኦኬ» አልሽኝ። ኤርትራ ውስጥ ያለ መስሎሽ እንደነበር ያወቅሁት አሁን ነው። እውነቴን ነው፣ አፌ ውስጥ ጣልያንኛውና አገሬው ተቀላቅሎ ስለሚወጣ የት ላይ እንደሚለያይ አንቺ አልያዝሽውም።

ለዚህ አልቆጣሽም። የምቆጣው ለጻፍሽው ነው።

መኪና የማይገባበት መሆኑ አንደኛው ምክንያትሽ ነው። መኪና ካልገባ የቡታ ጋዙን ሲሊንደር ማን እንደሚያወጣው አልጠየቅሽም? ዱቄቱንስ፣ የወይኑን ደምጃንስ? ይህ የቀኝ ትከሻዬ፣ ፀጉርሽን ልሥራልሽ ስል «ማም፣ ክንድሽ ለምን አይነሳም?» ስትዪኝ የኖርሽው፣ ያንን ዳገት ያውቀዋል። ቀጥለሽ ደግሞ ጊዜ የቆመበት ከተማ ነው ትያለሽ። ለእኔ አልቆመልኝም። ያ ፎቶ ያነሳሽው ደወል ገና ጎህ ሳይቀድ ከአልጋ የሚያስነሳው እኔን ነበር። ስለ በለሱ የጻፍሽው ልክ ነው። እንደዚያ ያለ በለስ ሌላ ቦታ አልበላሁም።

አምስተኛው ላይ ስደርስ ግን አባትሽን «ዝም በል እስቲ» አልኩት፤ ምንም ሳይናገር።

አሁን የእንግዳ ማረፊያ የሆነው ትልቁ ቤት፣ ባለቤቷ ሲኞራ ኪያራ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር የምታወራላችሁ ተረት። «ከአፍሪካ የመጣችው ዴያ።» ቤተሰቡ እንደ ልጅ አሳደጋት ብለሻል። ጓደኞቿ ከሩቅ መጥተው በሩ ላይ ሲዘፍኑ የከተማው ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር፤ ኪያራ ያንን የመሰለ ዘፈን በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም ብለሻል። ዴያ ግን አንድ ቀን ሳትሰናበት ጠፋች፤ ትንሿ ኪያራ እስኪመሽ በመስኮት ጠበቀቻት። ይህን ተረት ከባለቤቷ አንደበት መስማት ብቻውን ዳገቱን ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው ብለሽ ጨረስሽው።

ዴያ እኔ ነኝ።

ጣልያኖች «ሀ» ከአፋቸው አይወጣም። ፊደላችን የሚጀምርበትን ሆሄ እነሱ ከስሜ ውስጥ አውጥተው ጣሉት፤ ደሃብ የነበረችው ዴያ ሆና ቀረች። እንደ ልጅ አሳደጓት ትያለሽ፤ እዚያ ቤት ስገባ ሃያ ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ አስመራ ያለች እናቴ ናት። ልጅ ከሆንኩ ፓስፖርቴ በሲኞራ ኤልቪራ፣ በኪያራ እናት፣ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

አሁን ያን «ዘፈን» ልንገርሽ።

እሑድ ነበር። ሲኞራ ኤልቪራ የምሳ እንግዶች ጠርታለች። ሳህን ይዤ በመስኮት ሳይ ሦስት ሴቶች ጥቁር ለብሰው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከፊት ኣስማ ናት። ያቺው ኣስማ፣ ዛሬ እዚህ ሲዋርድ ሰፈር ጎረቤታችን የሆነችው፣ በየልደትሽ ትልቁን ስጦታ የምታመጣልሽ። እኛ ሰው ሲሞትብን መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤት ድረስ ተሄዶ፣ ግራና ቀኝ ተይዘሽ ነው የሚነገርሽ። ሦስት ሠራተኞች የእሑድ ሥራቸውን ጥለው፣ ጥቁር ለብሰው ያንን ዳገት ለጨዋታ አይወጡም። ገባኝ። ያልገባኝ ማን እንደሞተ ብቻ ነው።

«ሲኞራ፣ ሴቶቹ መርዶ ይዘውልኝ ነው የመጡት» አልኳት።

«እንግዶች አሉ፣ ዴያ» አለችኝ። «ከጣፋጩ በኋላ ታገኛቸዋለሽ።»

ከጣፋጩ በኋላ። ሥጋውን እያቀረብኩ «እናቴ አትሁን፣ ወንድሜ ይሁን» አልኩ። ፍራፍሬውን እያቀረብኩ በራሴ ደነገጥኩና «ወንድሜም አይሁን» አልኩ። ጣፋጩን ሳቀርብ «እሱ ይሁን» የምለው ሰው አልቀረኝም። አንዲት እንግዳ «ልጅቷ ላብ አልቧታል» አለች፤ ሲኞራ ስለ ምድጃው ሙቀት ነገረቻት።

በሩ ላይ ስደርስ ኣስማ ያዘችኝ። እናቴ ነበረች። ግቢ ውስጥ እንዳንገባ ስለተከለከልን እዚያው በሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። እንደ አገራችን፣ ስሟን እየጠራን፣ ደጉን ሥራዋን እያነሳን፣ አንዷ ስትጀምር ሌሎቻችን እየተቀበልን። ሰገነት ላይ የወጡት እንግዶች ያዩናል። ስንጨርስ አንዱ አጨበጨበ።

ልጄ ይህን የጎብኚ መዝናኛ አድርጋ ጻፈችው። አባትሽም ለሱፐርቫይዘሩ አሳየው። ነገሩን ስነግረው ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አወረደና አጣጥፎ በእጁ ይዞ ቆመ። «አሁን ሱፐርቫይዘሬን ምን ብዬ ነው ሚስቴ እናቷን ያለቀሰችበት ቦታ ለቫኬሽን አትሂድ የምለው?» አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ይሁን ከልቡ እስካሁን አላወቅሁም።

ሳትሰናበት ሄደች ለሚለው ደግሞ፦ ተሰናብቻለሁ። በዚያው እሑድ፣ ሲኞራ ከእንግዶቿ ጋር ሳለች ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አወጣሁና በወጥ ቤቱ በኩል ወጣሁ። ኪያራ እዚያ ነበረች፤ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። የዱቄት ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ የተረፈውን ጣፋጭ ትበላለች። ሁለት ዓመት ፀጉሯን ያበጠርኩላት ልጅ ናት፤ ሳልሰናበታት እንዴት እሄዳለሁ? ግንባሯን ስሜ «ቻው፣ ኪያራ» አልኳት። አፏ ሞልቶ «ቻው፣ ዴያ» አለችኝ። ይህ መሰናበት ካልሆነ ምንድን ነው?

ይህንን ጽፌ ተነሳሁ፤ ሻይ አፍልቼ ተመልሼ መጣሁ።

አይዳ፣ እኛ «ቻው» የምንለው ስንለያይ ነው። አስመራም እንዲያ ነው፣ አባትሽ ባደገበት ነቀምትም እንዲያ ነው። ያ ቤት ውስጥ ግን ሲገቡም ቻው ነው፣ ሲወጡም ቻው ነው፣ ደረጃ ላይ ሲተላለፉም ቻው ነው። እኔ እንደነሱ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ቃሉ ስለሚከብደኝ ጠዋት «ቦንጆርኖ»፣ ማታ «ቦናሴራ» ብቻ ነበር የምላት። የዚያን ዕለት የያዝኩትን ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ሰጠኋት። እሷ የሰማችው ግን ዳቦ ልትገዛ የወጣች ሴት ነው። ስለዚህ በመስኮት ጠበቀች። ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ ያንቺን ጽሑፍ ባላነብ ኖሮም ሳላውቀው እሞት ነበር።

ለዚያች ልጅ አዝናለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላት ለደረሰችው ሴትዮ ግን አላዝንም። ሕፃን ሆና ያልገባትን፣ ትልቅ ሆና መጠየቅ ትችል ነበር። ለቅሶዬን እሳት ዳር የሚወራ ተረት ከማድረጓ በፊት «እነዚያ ሴቶች ምን ሆነው ነበር?» ብላ እናቷን አትጠይቅም?

ስለዚህ ነገ ተነሽና ዳገቱን ውጪ። ከየት ነሽ ስትልሽ «ሚኒሶታ» ብለሻት ይሆናል፤ እውነትሽን ነው። አሁን ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያት። ስሜን አስጠሪያት። ደሃብ። «ሃ»ን ከደረቷ እስክታወጣት ድረስ ከመቀመጫሽ አትነሽ። ዘፈን ሰማሁ ካለችሽ እንዳልነበረ ንገሪያት፤ ከጣፋጩ በኋላ የተባለውንም አትደብቂያት፤ ስለ እናቷ መስማት ካመማት ይመማት። ከዚያ ደግሞ ቻው ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አስረጃት። ያስጠበቅኋት ቀልጄባት እንዳልነበረ ትወቅ።

ጽሑፍሽንም አስተካክዪ። በለሱ፣ ፀሐይ መጥለቂያው፣ ግንቡ ይቅር፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይደሰት። አምስተኛውን ግን እንደገና ትጽፊዋለሽ። አባትሽ ማቀዝቀዣው ላይ ቦታውን ባዶ ትቶ እየጠበቀ ነው።

ከዚያ ቤት ስትወጪ በሩ ላይ ቁሚ። የግራው ድንጋይ ከመሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እሱ ላይ ነው አያትሽን ያለቀስኳት። ከኛ ወገን እዚያ በር ተመልሶ የቆመ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሰባት ምክንያት ቆጥረሻል፤ እኔ ሮካልታ ለመሄድ የማውቀው ምክንያት ይህ አንዱ ብቻ ነው። እኔ ያን ዳገት እንደገና አልወጣውም፤ አንቺ ግን ደርሰሻል፣ ሳታውቂው በሩን አልፈሽ ስትገቢ ስትወጪ ከርመሻል። አሁን አውቀሽ ቁሚልኝ።

ስልክ ስንዘጋ ሁልጊዜ «ማም፣ ለምንድን ነው ቻው የማትዪኝ?» ትዪኛለሽ። እኔም «በይ እሺ» ብዬ እዘጋለሁ፤ ትስቂብኛለሽ። አሁን ምክንያቱን አውቀሽዋል።

እንደተቆጣሁ ነኝ። በሩ ላይ ቆመሽ ደውዪልኝ።

እናትሽ ደሃብ፤
ቻው አልልሽም።