ለባለቤታቸው የሚሰማ ሣጥን የሠሩት መሐንዲስ

የሌላውን ሰው ድካም «የእኔ ነው» ብሎ የሚወስድ ሰው ብዙ ከሳሽ አያስፈልገውም፤ የገዛ እጁ ጽሑፍ ይመሰክርበታል። ዛሬ የምንሸኛቸው የታላቅ ወንድሜ የሕይወት ታሪክ ይህን የሚያረጋግጥ ስለሆነ፣ በቀብር ላይ ባይነገር ይሻላል የሚባለውንም ጭምር ሳላስቀር አቀርበዋለሁ።

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ባለክሩ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት መሐንዲስ፣ ከመስታወት ቆራጭ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከአባታችን ሱቅ ጀርባ የሚገኝ ባለሁለት ክፍል ነበር። በሱቁ ግድግዳ ላይ ተደግፈው በሚቆሙት መስታወቶች ላይ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍ፣ ጠርዛቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ወንድሜ፣ ብርሃን በፊት ለፊት ገብቶ በጠርዝ የሚወጣበትን ምክንያት ለማወቅ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አስደግፈው ይመለከቱ ነበር። አባታችን፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው በመስታወት ፊቱን ያያል፤ አንተ ጠርዙን ስታይ ፊትህን እንዳልታጠብክ እንኳ አታውቅም» ሲሏቸው፣ እናታችን ደግሞ፣ «ተወው እባክህ፤ እዚያ ከተኛ ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1945 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1957 ዓ.ም. አጠናቀው ኮሌጅ በመግባት፣ በ1961 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በማዕረግ ተመረቁ። ኋላ የመምሪያ ኃላፊያቸው የሆነው ሰው የክፍል ጓደኛቸው ነበር፤ አራት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ተምረዋል፤ በአንድ መኝታ ክፍል አድረዋል።

በ1962 ዓ.ም. በመገናኛ ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በሦስተኛው ዓመት ንግግርንና መልእክትን በብርሃን ለሚያስተላልፈው የመስታወት ክር ሥራ ተመደቡ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ከሆነ ምድጃ ጫፍ ላይ የቀለጠ መስታወት እየተሳበ ከፀጉር የቀጠነ ክር ይሆናል። ችግሩ ሁለት ክሮችን መቀጠል ነበር፤ ጫፎቻቸው ጥቂት ከተዛነፉ ብርሃኑ በመገጣጠሚያው ላይ ይፈሳል። ወንድሜ ከስድስት ዓመት ድካም በኋላ ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት አጋጥሞ የሚይዝ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የመስታወት እጅጌ ሠሩ። በ1971 ዓ.ም. የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ አገኙበት፤ «ባለክሩ» የተባሉትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1968 ዓ.ም. የተቋሙን ጋዋን ትሰፋ ከነበረችው ልብስ ሰፊ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ትውውቃቸው በጠብ እንደ ጀመረ ባለቤታቸው ራሷ ታወጋ ነበር። ኪሱን ሦስት ጊዜ አስፈትተው ሲያሰፉባት፣ «ጌታዬ፣ ጋዋን ነው የሚፈልጉት ወይስ መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም አራተኛ ጊዜ የሄዱት ስለ ኪስ ሊነጋገሩ አልነበረም። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳድገዋል።

ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ ሴል ሥራ ላይ ተሰማሩ። ይህ መሣሪያ ሃይድሮጂንን ከኦክስጅን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ በጭስ ፈንታም ንጹሕ ውኃ የሚያወጣ ነው። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን እየደረቀ ሥራውን ያቆም ስለነበር፣ ወንድሜ በሚወጣው ውኃ ሽፋኑን መልሶ የሚያረጥብ ክፈፍ ፈለሰፉ። በሙከራው ዕለት ከመሣሪያው የወጣውን ውኃ በብርጭቆ ቀድተው በጎብኚዎች ፊት ሲጠጡ የበሩ ዘበኛ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ብረት ያቆሙት አንድ ብርጭቆ ውኃ ለመጠጣት ነው እንዴ? ቧንቧው እኮ እዚሁ ነው!» ማለቱ በተቋሙ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። መሣሪያው ግን መብራት በሚቋረጥባቸው ሁለት ክሊኒኮች የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ለአሥራ አንድ ዓመታት አገልግሏል።

በ1978 ዓ.ም. ባለቤታቸው በማጅራት ገትር ታመመች፤ ከሞት ብትተርፍም የመስማት ችሎታዋን ሙሉ በሙሉ አጣች። ከዚያ በኋላ በቤታቸው የሚነገረው ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፍላት ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጆቹ በታናሹ ቀልድ ተንፈራፍረው ከሳቁ በኋላ ታላቂቱ ልጅ ቀልዱን በሰሌዳው ጽፋ ብታሳያት፣ እናት አንብባ ፈገግ አለችና፣ «እኔ እኮ ሁልጊዜ የምስቀው እናንተ ስትጨርሱ ነው» አለች። ወንድሜ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ከገበታው ተነሡ። የቀሪ ዘመናቸውን ሥራ የወሰነው ይህ ቃል ነው።

በ1984 ዓ.ም. ንግግርን ለይቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያ ለመሥራት ፈቃድ ጠይቀው ተፈቀደላቸው። መሣሪያው የሰውን አነጋገር እንዲለይ የብዙ ሰው ድምፅ ያስፈልግ ነበርና የጫማ ሰፊውን፣ ጉንፋን የያዛትን ነርስና የተማሪዎችን ድምፅ ቀረጹ። ጥርሳቸው ያለቀውን ጎረቤታችንን ሁለት መቶ ዐረፍተ ነገር ሲያስነብቡ አሮጊቷ ተሰላችተው፣ «ልጄ፣ በእኔ ጉሮሮ ላይ ከምትፈርድ ለምን የሣጥንህን ጆሮ አታሳክምም?» ብለዋቸዋል። በ1992 ዓ.ም. ሣጥኑ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የእንጨት አካልና የመዳፍ ስፋት ያለው መስኮት ነበረው፤ ሰው ሲናገር ቃሉ በመስኮቱ ላይ ይጻፋል። በዚያ ሳምንት ባለቤታቸው ከልጆቿ ጋር በአንድ ጊዜ ሳቀች። በቦታው ስለነበርሁ አይቻለሁ።

አሁን ወደ በደሉ እንመጣለን። በተቋሙ እያንዳንዱ ተመራማሪ የዕለት ሥራውን ገጹ በተቆጠረ ደብተር ይመዘግባል። ከየገጹ ግርጌ «አንብቤ ተረድቻለሁ፤ የሥራው ተካፋይ አይደለሁም» የሚል የታተመ መስመር አለ፤ ከሥሩም በሥራው እጁ የሌለበት ባልደረባ በምስክርነት ይፈርማል። ወንድሜ ለምስክርነት የመረጡት የቀድሞ የክፍል ጓደኛቸውን፣ የመምሪያ ኃላፊውን ነበር። ኃላፊው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮቱን እንደ ለበሰ ይመጣና፣ «አንተ ከጻፍከው እኔ ምን አነባለሁ? አምጣው ብቻ» እያለ የሳምንቱን ገጽ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይፈርማል። ወንድሜም ይስቁ ነበር። ይህን ስጽፍ ሟቹን ከነቀፋ ነጻ ለማድረግ አይደለም፤ ሳያነብ የሚፈርምን ምስክር በዝምታ መቀበል ጥፋት ነው፤ በሕይወት ሳሉም ነግሬያቸዋለሁ።

በ1996 ዓ.ም. ወንድሜ በኩላሊት ሕመም ስድስት ወር ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ፣ ኃላፊው ንግግር የሚለየውን መሣሪያ በራሱ ስም ብቻ አስመዘገበ። ሽልማትም ተቀበለበት። በዓመቱ፣ ሣጥኑ የተቋሙ ንብረት ስለሆነ እንዲመለስ የሚል ደብዳቤ በፊርማው ላከ። ሁለት ሠራተኞችና አንድ ሾፌር መጥተው ከጠረጴዛው ላይ አነሡት። ሾፌሩ ሣጥኑን እንደ ታቀፈ፣ «እትዬ፣ እንጀራ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ቢልም፣ የተናገረውን የሚጽፍላት ሣጥን በእጁ ነበርና አልሰማችም። ልጃቸው ሰሌዳውን ከመጋዘን አወጣች።

ወንድሜ ጓደኛቸው አንድ ቀን ተጸጽቶ ይመጣል ብለው አንድ ዓመት ጠበቁ። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ «ሣጥኑን ከወሰዱት ወሰዱት፤ ስምህን ግን አንተ ራስህ ነህ እየሰጠሃቸው ያለኸው» ስትላቸው፣ በ1998 ዓ.ም. ለመሐንዲሶች ምክር ቤት አቤቱታ አቀረቡ።

አቤቱታው በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ተሰማ። ኃላፊው ሥራው በእርሱ መምሪያ መሠራቱን ለማስረዳት የወንድሜን አሥራ አንድ የሥራ ደብተሮች ራሱ አስጭኖ መጣና በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። በአራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ፊርማው እንዳለም በኩራት አስቆጠረ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ፣ በዕድሜ የገፉ መሐንዲስ ሴት፣ አንዱን ደብተር ከፍተው ከፊርማው በላይ ያለውን መስመር ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቁት። አነበበ።

«ይኼማ የታተመ ነገር ነው» አለ፤ «ማን ያነበዋል?»

«እርስዎ አንብቤያለሁ ብለው ፈርመዋል፤ ያውም አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ» አሉት ሰብሳቢዋ።

ምክር ቤቱ ውሳኔውን ለመስጠት ቀጠሮ ያዘ።

ከየካቲት ወር ጀምሮ ሕመማቸው ጸናባቸው። ሐኪሞች የተቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል። ሰኞ ዕለት ታላቂቱን ልጃቸውን፣ «ምክር ቤቱ ምን አለ?» ብለው ጠየቋት፤ «ገና ነው፣ አባዬ» አለቻቸው። ከዚያ ለባለቤታቸው በሰሌዳው ላይ በገዛ እጃቸው «ደክሞሻል፣ ሂጂና ተኚ» ብለው ጻፉ። በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ያስታመሙትን ነርሶች፣ ድምፃቸውን ለሣጥኑ የሰጡትን ጎረቤቶችና ለስንብት የመጣችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ብርሃንን በቀጭን ክር ያስኬዱትን እኒህን ሰው፣ የብርሃን ባለቤት የሆነው አምላክ ወደ ራሱ ይቀበላቸው፤ ባለቤታቸውንም ያጽናልን።

የምክር ቤቱ ውሳኔ የተነበበው ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23 ቀን፣ እርሳቸው ባረፉ በሁለተኛው ቀን ነው። የፈጠራው ባለቤትነት በወንድሜ ስም እንዲመዘገብ፣ ሣጥኑም ለባለቤታቸው እንዲመለስ ታዟል። የመምሪያ ኃላፊው ከሥልጣኑ ተነሥቷል፤ የተቀበለውን ሽልማት እንዲመልስ ተደርጓል፤ ስሙም ከመሐንዲሶች መዝገብ ተሰርዟል። ከእንግዲህ በማንም ሰው የሥራ ደብተር ላይ በምስክርነት እንዳይፈርም ለዕድሜ ልኩ ተከልክሏል።