ልጅ ያለው አይገባም

ሰበታ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ልጄ ዳኜ፣ የጀርመን ብርድ አይድፈርህ፤ እመቤቴ ካለህበት ትጠብቅህ።

እግሬ አልታዘዝ ቢለኝ እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ገብቻለሁ። ግቢው ጣልያን የሠራው የወታደር ሰፈር ነበር፤ ጣልያን ሲወጣ ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው ተሰጠ። ያኔ የወጣው ደንብ ዛሬም አለ፤ ልጅ ያለው አይገባም። መዝጋቢው «ልጅ አለዎት?» ሲለኝ «አልወለድኩም» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ፎቶግራፍህን ከትራሴ ሥር ሸሽጌዋለሁ።

ይህን የምትጽፍልኝ ልትጠይቀኝ የመጣችው ጎረቤታችን ፀሐይ ናት። የሚመጣልንን ደብዳቤ ግን የሚያነብልን መዝጋቢው ነውና፣ እባክህ ስትጽፍ «እማዬ» አትበለኝ፤ «አክስቴ» በለኝ።

እህል በሰዓቱ ብላ። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። እኔም ከዛሬ ልልመደው።

አክስትህ፣
ውብአየሁ