ቲርጻ ለዳኛው የሰጠችው መልስ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለኬዚያ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ባልሽ ኢኖስ፣ አማትሽ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ከጤናዬ በቀር ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም።

ሳናገባ፣ ሁሉን በጋራ ይዘን የምንኖርበትን የሻከሮች የሃይማኖት ማኅበራችንን የንግድና የሕግ መዝገብ የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። የአትክልት ዘር ሲሸጥ፣ መሬት ሲገዛ፣ ወላጅም ልጁን በውል ሲሰጠን ወረቀቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቲርጻን አባቷ የሰጠን እናቷ ሞታ፣ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። አካለ መጠን እስክታደርስ ከእኛ ጋር እንድትኖር ፈርሟል። ያሳደገቻት እህት ታቢታ ናት። ዘንድሮ ግን ሰውዬው ልጄን መልሱ ብሎ ከሰሰን። የሚፈልጋት ለእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኞች ወጥ ቤት እንድትሆንለት ነው፤ ይህን አገር ያውቃል።

ውሉ እንከን አልነበረውም። ጠበቃው፣ እነዚህ ሰዎች አያገቡ፣ አይወልዱ፣ የሰው ልጅ ግን ይሰበስባሉ እያለ ችሎቱን ሲያስቅ፣ ደንበኛህ ፊርማውን ይካድና እንስማው አልኩ። ሊክድ አልቻለም።

ከዚያ ዳኛው ልጅቷን አስቀረበና፣ "ልጄ፣ ከሁሉ አብልጠሽ የምትወጂው ማንን ነው?" አላት።

በእኛ ዘንድ አንዱን ከሌላው አስበልጦ መውደድ ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ታቢታ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

"ሁሉንም እኩል ነው የምወደው" አለች ቲርጻ።

"አባትሽንም?"

"አዎ፣ እሱንም እኩል።"

ዳኛው፣ እንግዲያው ከማንም ብትለይ አይከፋትም አለና ውሉን ወደ ጎን ትቶ ለአባቷ ፈረደ።

በመመለሻችን ታቢታ ጋሪው ላይ፣ "ልክ ነው የመለሰችው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አለች። ቤት ስንደርስ እሷ በሴቶች በር፣ እኔ በወንዶች በር ገባን። ወደዚያ ማዶ ተሻግሬ አይዞሽ ልላት ሕጋችን አይፈቅድልኝም። አለቆቻችን የልጅቷን መልስ አመሰገኑ። እኔ እራት ሳልቀምስ ተነሣሁ። እዚህ ገበታ ላይ አይወራም፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም።

ይህን ደብዳቤ አለቃዬ ሳያነበው አይላክም። ያንብበው። ዳኛው እኔን ጠይቆኝ ቢሆን ኬዚያን እለው ነበር።

ኢኖስን ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥቷል በያቸው። ልጆቹን በሙሉ ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሉሲንዳን ግን አብልጠሽ።

ወንድምሽ ጆታም
ከሻከሮች መንደር፣ ኒው ሃምፕሻየር
የካቲት 9 ቀን 1851